ሁለቱን ልጆቼን እንዳቅፍ ላበቃችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር፣ ምጤ ሲጠና ስሟን ለጠራንላት ለእመቤታችንም ይሁን። ያለፈው ዓመት እንዴት እንደነበረ የቅርቦቼ ታውቁታላችሁ። መንታ ወለድኩ፣ ሆዴ አልሰበሰብ አለኝ፣ ወገቤ ከዳኝ። ከዚህ በላይ ማውራት አልፈልግም፤ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ለማመስገን ነው።

በአካል እንቅስቃሴ ያከመችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች። ስለዚህ እህቴ እላታለሁ፤ ለነገሩ ከእህትም በላይ ሆናልኛለች።

እህቴ፣ የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሽዋለሽ? ሌላ ቦታ «ውፍረት ነው፣ የሆድ ስፖርት ሥሪ» ተብዬ ሁለት ወር ሙሉ ወለል ላይ በጀርባዬ እየተጋደምኩ ብድግ ቁጭ ስል ከርሜ፣ ብሶብኝ ነበር የመጣሁት። በዚያው ዕለት ጠዋት ታክሲ ውስጥ «ነፍሰ ጡር ናት፣ ቦታ ልቀቁላት» ብለው አስቀመጡኝ። ልጆቼ ሰባት ወር አልፏቸው ነበር። ሰዎቹ ለደግነት ብለው ያደረጉትን እኔ እስከ መገናኛ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩበት።

አንቺ ግን ገና ሳልጨርስልሽ አልጋው ላይ በጀርባዬ አስተኛሽኝ፤ ጉልበቴን አሳጥፈሽ ጭንቅላቴን ትንሽ ብቻ ቀና እንዳደርግ ነገርሽኝና ጣቶችሽን ከእምብርቴ ከፍ ብሎ አሳረፍሽ። አራት ጣት ገባ። የእኔንም እጅ ይዘሽ እዚያው አኖርሽው። «ይኸው፣ ይህ ስብ አይደለም፤ የሆድሽ ጡንቻ ግራና ቀኝ ተለያይቷል» አልሽኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ የጣልኩትን ነጠላዬን አንስተሽ ሁለቱን ጥለቶች በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወጠርሽው። «ጡንቻዎቹ እነዚህ ጥለቶች ናቸው። መሀላቸው ያለው ሽፋን ሁለት ልጅ ተሸክሞ ሳስቷል፤ አልተቀደደም። ለብዙ እናቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ራሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ ያንቺ እርዳታ ይፈልጋል» አልሽኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የእኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ እንባዬ አላስቀጥል አለኝ።

ትንፋሽ አስተማርሽኝ። በሠላሳ አራት ዓመቴ መተንፈስ እንደ አዲስ ተማርኩ! ትኩስ አጥሚት እንደሚያበርድ ሰው ቀስ ብዬ እፍ እያልኩ እምብርቴን ወደ ጀርባዬ መሳብ፤ ልጅ ሳነሳ ትንፋሼን ሳልይዝ እያስወጣሁ ማንሳት፤ ከአልጋ ቀጥ ብዬ ከመነሳት በጎኔ ዞሬ፣ እግሬን አውርጄ፣ በእጄ ተደግፌ መነሳት። ስነሳ ሆዴ መሀሉ ላይ እንደ ጣሪያ አናት ሾጠጥ ካለ «ገና ነው፣ ወደ ቀላሉ እንመለስ» ትይኝ ነበር። አንድም ቀን አልተቆጣሽኝም፤ ባልሠራሁበት ሳምንት እንኳ «ልጆቹ አላስተኙሽም ማለት ነው» ብለሽ ከመጀመሪያው ጀመርሽልኝ። ሳስልና ስስቅ ሽንት እንደሚያመልጠኝ ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለአንቺ ነገርኩሽ። ደንገጥ አላልሽም፤ ፊኛንና ማህፀንን ከታች የሚደግፈው የዳሌ ወለል ጡንቻ መድከም መሆኑን አስረድተሽ ለእሱም እንቅስቃሴ ሰጠሽኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው እንደ እኔ አፍራ ዝም ያለች እናት ካለች ብዬ ነው።

አማቴን እንዴት እንዳከበርሻቸውም አልረሳም። እማማ በአራስነቴ ሆዴን በመቀነት ጥፍር አድርገው ነበር የሚያስሩኝ፤ ከሰባት ወር በኋላም አልተውም ብለው ቀጠሮዬ ላይ መቀነቱን ይዘው መጡ። መቀነቱ ይቅር ትያለሽ ብዬ ስሳቀቅ፣ አንቺ ተነስተሽ እጅ ነሳሻቸውና «እማማ፣ ያሰቡት ትክክል ነው፤ እስቲ አብረን እንሰረው» አልሻቸው። ከወገብ ብዙ ሲጠብቅ ጫናው ወደ ታች እንደሚወርድ አሳይተሽ፣ ከዳሌ ጀምሮ ወደ ላይ ላላ ብሎ እንዲታሰር፣ ስተኛ እንዲፈታ፣ ሥራ ሲበዛብኝ ብቻ እንድጠቀምበት ተስማማችሁ። እማማ እስከ ዛሬ ለጎረቤት የሚያስተምሩት የአንቺን አስተሳሰር ነው።

አሥራ አራት ሳምንት ሆነን። ባለፈው ማክሰኞ ስትለኪኝ ሁለት ጣት ብቻ ገባ። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ስትጫኚው ውስጡ ጠንክሮ መልሶ እንደሚገፋሽ ስትነግሪኝ ነው የጮህኩት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ ስላስተማረሽ፣ አንቺን ያስተማሩ መምህራንንም ሳላውቃቸው አመሰግናቸዋለሁ። ልጅሽ ይባረክ፤ እጅሽ አይንጠፍ።

ባለቤቴ ሆይ፣ ሌሊት ሌሊት ሁለቱንም አንስተህ ጡት ላይ ስታስይዝልኝ ጠዋት ሥራ እንዳለብህ አውቅ ነበር። ሰባት ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተኝታ «አንድ እፍ፣ ሁለት እፍ» እያለች ስትቆጥርልኝ ከአሥር በላይ አታልፍም ነበር፤ እኔም አሥር ብቻ ሠራሁ፣ በቃኝም።

እትዬ ጎረቤቴ፣ ውኃ በመጣ ቀን ሁሉ ሃያ ሊትር ጀሪካኑን ሳልጠራዎት መጥተው ይሞሉልኝ ነበር። ለእንጀራውም፣ ለገንፎውም፣ ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ።

የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ፣ የ90 ቀኑ የወሊድ ፈቃድ አልቆ ስመለስ ሰሌዳ ፊት መቆም ሲያቅተኝ ክፍለ ጊዜዬን የሸፈናችሁልኝ፤ የእድራችን እናቶች፤ የማኅበር እህቶቼ፤ ከሩቅ አገር ሆናችሁ ለሕክምናው ገንዘብ የላካችሁ ዘመዶቼ፤ ሁላችሁንም በአንድ ላይ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያልጠራሁት ረስቻችሁ አይደለም፤ ጠርቼ ስለማልጨርሰው ነው፤ ይቅር በሉኝ። በእነዚያ ወራት ስልክ ያላነሳሁላችሁም እንዲሁ፤ ብዙ ጊዜ ድምፄን ማሰማት ያቅተኝ ነበር።

የሕክምናው ቦታ በር ጥበቃ ጋሼ ደግሞ ልብ ሳልላቸው ሊያልፉኝ ነበር! በየማክሰኞው አንዱን ልጄን ተቀብለው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ያወጡልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጋሼ፣ የፊታችን ማክሰኞ የመጨረሻ ቀጠሮዬ ነው። ሁለቱንም ራሴ ይዣቸው እወጣለሁ፤ እርስዎ በሩን ብቻ ይክፈቱልኝ።