የአራስ እግር ሲያብጥ ለማሸት አትቸኩሉ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ኮቺ ሰፈር ባየሁት ነገር ነው። የጎረቤቴ ልጅ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ግራ እግሯ ከባቷ እስከ ጭኗ አበጠ። ቤተሰቡ ብርድ ነው ብሎ ቅቤ አሙቆ ወጌሻ አስጠራ። «አባቴ፣ ይህን እግር አይንኩት» ብዬ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ሰሙኝ። ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ስትታይ በጭኗ ጥልቅ ደም መልስ (ደም ወደ ልብ የሚመልስ ሥር) ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን አብዛኛውን ደም የሚሸከሙት ከቆዳ ሥር የምናያቸው ሥሮች አይደሉም፤ በጡንቻ መካከል የተደበቁት ናቸው። ስንራመድ የባት ጡንቻ ይጨምቃቸውና ደሙ ሽቅብ ይወጣል፤ በውስጣቸው ያሉ ትናንሽ ክዳኖችም ቁልቁል እንዳይመለስ ያግዱታል። አራስ ቀኑን ሙሉ ስትተኛ ይህ ሥራ ይዳከማል። በዚያ ላይ እርግዝና ራሱ፣ እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳትፈስ፣ ደሟን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፤ አደጋው ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ብዙ ጊዜ የሚጠቃው ግራው እግር ነው፤ ዳሌ ውስጥ የቀኙ ደም ቅዳ (ደም ከልብ የሚያመጣ ሥር) በግራው ደም መልስ ላይ ተሻግሮ ይጫነዋልና።

ማሸት የረጋውን ደም ሊያላቅቀው ይችላል። የተላቀቀው በልብ አልፎ ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል፤ እናትን በደቂቃዎች ሊነጥቀን ይችላል። አንድ እግሯ ብቻ ያበጠ፣ ባቷን የሚያማት ወይም የሚያቃጥላት አራስ በዚያው ቀን ሐኪም ትይ። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካሳላት እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋት ሩጡ።

ልጅቷ ሆዷ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት ተጀመረላት፤ አሁን ለዚያው ሥራ ዋርፋሪን የተባለ ኪኒን ትውጣለች። አክስቷ «ጡት አታጥቢ» ብላት ስታለቅስ አገኘኋት። ሁለቱም መድኃኒቶች ማጥባትን አይከለክሉም! የዋርፋሪኑን የደም ምርመራ ቀጠሮ ግን ማሳለፍ የለባትም።

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ ወለምታ ሲያቃኑ አይቻለሁ። አራስም ትታረስ፣ ገንፎዋን ትብላ፤ ነገር ግን በየቀኑ ከአልጋዋ ወርዳ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አራስ ሲጎበኙ ሕፃኑን ብቻ አይተው እንዳይወጡ፣ የእናቲቱን ሁለት እግሮች ጎን ለጎን እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ፣ ከጅማ