ካርድሽን ከማስገባትሽ በፊት

ውድ ልጄ፣

የራስሽን የባንክ ሂሳብ ልትከፍቺ መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ከኤቲኤም፣ ማለትም ከገንዘብ መክፈያው ማሽን፣ ገንዘብ የምታወጪበት ካርድም ይሰጥሻል። የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫኚ ስክሪኑ ራሱ ይነግርሻል፤ ለዚያ እኔ አላስፈልግሽም። የምጽፍልሽ ከስክሪኑ ጀርባ ስለሚሆነው ነገር ነው። ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቶሎ አይደናገጥም። ሌባ ደግሞ የሚፈልገው የተደናገጠ ሰው ነው።

ኤቲኤሙ ስንት ገንዘብ እንዳለሽ አያውቅም። ሥራው ባንክሽን መጠየቅ ነው። ካርድሽን ስታስገቢ ከቺፑ ላይ የካርዱን ቁጥር ያነባል። የሚስጥር ቁጥርሽን ስትነኪ ቁጥሩ እዚያው ከቁልፎቹ ሥር ይመሰጠራል። የማሽኑ ኮምፒውተር እንኳ በግልጽ አያየውም። ከዚያ ጥያቄው በኔትወርክ ይሄዳል። ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ ባንኮቹን በሚያገናኘው የጋራ መስመር በኩል ያልፋል። ባንክሽ ቁጥሩ ልክ መሆኑን፣ ሂሳብሽ ውስጥ በቂ ገንዘብ መኖሩን፣ በቀን ከሚፈቀድልሽ አለማለፍሽን ያያል። ከዚያ «ስጣት» ወይም «አትስጣት» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሴኮንዶች ነው። ማሽኑ ገንዘብ ሞልቶት ሳለ ኔትወርክ ሲጠፋ የማይሰጥሽም ለዚህ ነው፤ የሚጠይቀው አካል የለውም። «እባክዎ ይጠብቁ» ሲልሽ እየጠየቀልሽ ነውና ቁልፉን አትደብድቢው።

ከተፈቀደልሽ በኋላ ሥራው ወደ ካዝናው ይወርዳል። እዚያ ውስጥ ካሴት የሚባሉ ሳጥኖች አሉ፤ ኖቶቹ በየዓይነታቸው ተደርድረው የሚቀመጡት በእነሱ ውስጥ ነው። ማሽኑ አንድ በአንድ እየሳበ ያወጣቸዋል። በመንገዳቸው ላይ ያሉ ሴንሰሮች ውፍረታቸውን ይለካሉ። ሁለት ኖት ተጣብቆ ከመጣ ወደ ሌላ ሳጥን ይጣልና በምትኩ ሌላ ይሳባል። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የምትሰሚው ትርርር የሚል ድምፅ ይሄ ቆጠራ ነው። ድምፁ ትንሽ ረዘም ካለ አትደንግጪ፤ እየመረጠ ሊሆን ይችላል።

ብዙዎቹ ማሽኖች መጀመሪያ ካርዱን ይመልሱልሻል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ካርዱን ከወሰድሽ በኋላ ነው። ሰው የመጣበትን ገንዘብ እጁ ካስገባ በኋላ ካርዱን ረስቶ ይሄዳል፤ ይህን አስበው ነው እንዲህ የሠሩት። ገንዘቡን መጀመሪያ የሚሰጡም ስላሉ ካርድሽን ሳትይዢ እግርሽን አታንሺ። ገንዘቡም ሲወጣ ወዲያው ውሰጂው። ሳይነካ ከቆየ መልሶ የሚያስገባ ማሽን ብዙ ነው።

አሁን ስለ ሚስጥር ቁጥርሽ። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ኤንፊልድ በሚባል ሰፈር ባርክሌይስ ባንክ የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት ማሽኖች አንዱን ሥራ ሲያስጀምር ካርድ አልነበረም፤ በልዩ ወረቀት ነበር የሚሠራው። የማሽኑ ፈጣሪ ጆን ሼፐርድ ባሮን ቁጥሩን ስድስት አሃዝ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ባለቤቱ ግን «እኔ ማስታወስ የምችለው አራት ብቻ ነው» ስላለችው በአራት እንደቀረ ራሱ ተናግሯል። በአራት አሃዝ ከ0000 እስከ 9999 ድረስ 10,000 አማራጭ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቴ ከተሳሳትሽ ካርዱ ይዘጋል። ስለዚህ በግምት ማግኘት ከባድ ነው፤ የተወለድሽበትን ዓመት ወይም 1234ን ካላደረግሽ በስተቀር። ችግሩ ቁጥሩን ያየ ሰው መገመት አያስፈልገውም። ስትነኪ በሌላኛው እጅሽ ከልይው። ከኋላሽ ማንም ባይኖርም ከልይው፤ የሚያይሽ ከላይ የተለጠፈች ትንሽ ካሜራ ልትሆን ትችላለች። ካርድ የሚገባበትን ቦታም በጣትሽ ነቅነቅ አድርጊው። የካርድ መረጃ የሚቀዳ የውሸት ሽፋን የሚለጠፈው እዚያ ላይ ነው። ከላላ ወይም ከተንቀሳቀሰ ትተሽ ሂጂ።

ከሁሉም በላይ የማስጠነቅቅሽ ይህን ነው፣ የኔ እናት። ካርድሽ ገብቶ አልወጣ ይላል። ተዋጠብኝ ብለሽ ትጨነቂያለሽ። ወዲያው አንድ ደግ የሚመስል ሰው ጠጋ ይልና «እኔም እንዲህ ሆኖብኝ ነበር፤ ቁጥርሽን ደግመሽ ብትነኪው ይወጣል» ይልሻል። ትነኪያለሽ፤ አይወጣም። እሱ ግን ቁጥሩን አይቷል። ተስፋ ቆርጠሽ ስትሄጂ ቀድሞ የሸጎጠውን ማጥመጃ ይስብና ካርድሽን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ካርድሽ ከተያዘ ቁጥሩን ለሁለተኛ ጊዜ አትንኪ። የማንንም እርዳታ አትቀበዪ፤ ቢቆጣም ይቆጣ። እዚያው ቆመሽ ለባንክሽ ደውዪና ካርዱን አስዘጊው። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ቁጥርሽን አይጠይቅሽም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ ከጠየቀሽ ሌባ ነው። እኔም አባትሽ ሆኜ አልጠይቅሽም።

ገንዘብ ሳይሰጥሽ ከሂሳብሽ ቢቆርጥብሽስ? ያጋጥማል። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ካልተመለሰ ሰዓቱን፣ የማሽኑን ቦታና የሞከርሽውን መጠን ጻፊ፤ ደረሰኝ ከወጣም አትጣዪው። ማሽኑ የሌላ ባንክ ቢሆንም የምታመለክቺው ለራስሽ ባንክ ነው። ኤቲኤም እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይመዘግባል። ካሴቶቹ ሲቆጠሩም ያልወጣው ገንዘብ ትርፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እየተለማመጥሽ አይደለም የምትጠይቂው፤ ማስረጃው እነሱ ጋ አለ። መልስ ከዘገየብሽ ደግመሽ ሂጂ።

ካርዱ እንደደረሰሽ ከጀርባው ያለውን የባንኩን ስልክ ስልክሽ ላይ መዝግቢው። ካርዱ ሲዋጥ የስልክ ቁጥሩም አብሮ ነው የሚዋጠው።

አባትሽ