መካኒኩ ፖምፓውን እንዳይነካ

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሐኪሙ የጉልበቴን ቀጠሮ ስላራዘመብኝ ገና ከአዲስ አበባ አልወጣሁም። ትናንት ስልኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ነው የሰማሁሽ። ትራክተራችን ማሴይው ይነሳል፣ ትንሽ ይሠራል፣ ከዚያ አንቆ ይጠፋል አልሽኝ አይደል?

ከሁሉ በፊት ወንድምሽ ያመጣው መካኒክ ፖምፓውን፣ ናፍታውን ወደ ኖዝሎቹ የሚገፋውን፣ እንዳይፈታ። ፖምፓ ወርክሾፕ ገብቶ በማሽን የሚለካ ዕቃ ነው፤ ጭድ በሚበንበት ግቢ አይከፈትም። ደግሞም ሞተር እንዲህ ተነስቶ ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ፖምፓው ጤነኛ ነው። ናፍታ አልደረሰውም፣ ያ ነው ነገሩ።

ከሰርባቶዮው፣ ከናፍታ ታንከሩ፣ ጀምሪ። ክዳኑን ከፍተሽ አስነሺው። ሳይጠፋ ከቀጠለ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። በቀጭን ሽቦ ጥረጊው፣ በቃ። ካልሆነ የናፍታ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የመስታወት ኩባያ እያት። ቢጫው ናፍታ ከላይ ሆኖ ከታች ጥርት ያለ ነገር ከተኛ ውሃ ነው። የጀሪካን ናፍታ ጣጣው ይሄ ነው። ከእንግዲህ ጀሪካኑ አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ይደር፤ ስትቀጂም የመጨረሻውን ዝቃጭ ተዪው።

ፊልትሮ ከተቀየረ አየሩን ማስወጣት የግድ ነው። ተራውን ከዘለልሽ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ። መጀመሪያ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አድርጊ። ከዚያ የናፍታ መሳቢያዋን ምላስ በእጅሽ ወደ ላይ ወደ ታች በያት። አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ ንጹህ ናፍታ ይመጣል። እየፈሰሰ ሳለ አጥብቂው። ምላሷ ልል ሆና አልስብ ካለች አትደንግጪ፤ አልተሰበረችም። ሞተሩ የቆመበት ቦታ ነው የያዛት። በማስነሻው ሞተር፣ በሞተሪኖ ትንሽ አዙሪውና እንደገና ሞክሪ። ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያሉት ሁለት ብሎኖች፣ ከታችኛዋ ጀምረሽ። መጨረሻ ላይ ናፍታውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኖዝሎቹ ጋ ያሉትን የቱቦ ዳዶዎች አላልተሽ፣ ማጥፊያውን ወደ ውስጥ ገፍተሽ፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍተሽ በሞተሪኖ አዙሪ። ናፍታ ብቅ ሲል አጥብቂያቸው። ያን ጊዜ እጅሽን ከዚያ አርቂ። በግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ ይበሳል።

ቁልፉ የኢንች መሆኑን እንዳትረሺ፤ ከአልጋው ሥር በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የሚሊሜትር ቁልፍ ያስገባ ሰው የብሎኑን ጠርዝ በልቶት ይሄዳል።

የአየር ማጣሪያውንም በዚያው እዪልኝ። በደረቅ አፈር ስታርሺ ሳህኑን በየቀኑ አውርጂው። ዘይቱ እንደ ጭቃ ከወፈረ ድፊው፣ በናፍታ እጠቢው፣ እስከ ምልክቱ ድረስ አዲስ ዘይት ጨምሪ። ከምልክቱ አታሳልፊ፤ ሞተሩ ዘይቱን ይስበዋል። አቧራ ፒስተንና የሲሊንደር ሸሚዝ እንደሚበላው ሌላ ምንም አይበላውም።

ወንድምሽ «ሽጡትና አዲስ እንግዛ» ይላል አሉ። ማሴይ 135 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1964 ጀምሮ ነው የተሠራው፤ አሮጌ ነው፣ አልክድም። ግን ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፣ በውስጡ ኮምፒውተር የለም፣ መለዋወጫው አለ። አዲሱ ሲቆም የሚጠራለት ባለሙያ ከየት ይመጣል?

አያትሽ ግን ትራክተር አይወዱም ነበር። ስዊድኖች የረዱት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በ1960 አሰላ ላይ ሥራ ከጀመረ በኋላ በጭላሎ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መጣ፤ ባለመሬቶቹም ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ማስነሳት ጀመሩ። ለሳቸው የሞተር ድምፅ መጣ ማለት ጎጆ ሊፈርስ ነው ማለት ነበር። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ሥጋቱ አልለቀቃቸውም። ይሄን ማሴይ በጨረታ ገዝቼ ግቢ ሳስገባ ወጥተው አላዩትም። ሲታረስ ግን ከአጥሩ ጥግ ቆመው ያዩ ነበር፣ እናትሽን ጠይቂያት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የጎረቤት ልጆች ጭቃ መከላከያው ላይ እንዳይቀመጡ። ሲገለበጥ ሰው የሚያድን መከላከያ የለውም፣ የወንዙ ዳር ደግሞ ቁልቁለት ነው። ማረሻው ሥር ከመግባትሽ በፊት መሬት ላይ አውርጂው፤ ሃይድሮሊኩን አትመኚው።

ነገ ከአጎትሽ ልጅ ጋር ሶማሌ ተራ ወርጄ ሁለት ፊልትሮ እገዛለሁ። በአሰላ መኪና እልክልሻለሁ። የፊልትሮው ማሸጊያ ጎማ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ አለ፤ አሮጌውን መልሰሽ እንዳትገጥሚ። የአየር ማጣሪያውን ዘይት ግን እዚያው ግዢ፣ መንገድ ላይ ይፈሳል።

አባትሽ