ወገቡን ለታመመው ወዳጄ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ሳንጻጻፍ መቆየታችን ቢያሳዝነኝም፣ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ወገብህን ታምመህ ታክሲ መንዳት እንዳቆምክ፣ ኤም አር አይ ተነሥተህም «ዲስክ ነው»፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶችህ መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል ችግር አለበት፣ እንደተባልክ ከእህትህ ስለሰማሁ ነው። እኔም እዚህ ለንደን በዚሁ ሕመም ኦስቲዮፓት፣ ማለትም ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጁ እያንቀሳቀሰ የሚያክም ባለሙያ፣ ዘንድ ስመላለስ ቆይቻለሁና፣ የማውቀውን ልጽፍልህ ወደድኩ።

ከሁሉ በፊት የኤም አር አይ ውጤቱ አያስደንግጥህ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ እንዳሳየው፣ ምንም ሕመም ከማይሰማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 84 በመቶው ከጠርዙ ወጣ ያለ ዲስክ አላቸው። ስለዚህ በፎቶው ላይ የታየው ሁሉ ለሕመምህ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም።

ኦስቲዮፓቲን በ1874 የጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም አንድሩ ቴይለር ስቲል ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤትም በ1892 በሚዙሪ ግዛት፣ በከርክስቪል ከተማ ከፈተ። እንግሊዝ አገር ኦስቲዮፓት ተብሎ ለመሥራት በ1993 በወጣው ሕግ መሠረት መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ባለሙያው ግን ሐኪም አይደለም። አንተ ባለህበት አሜሪካ በአንጻሩ «ዲ.ኦ.» የሚል ማዕረግ ያለው ሰው መድኃኒት የሚያዝ፣ ቀዶ ሕክምናም የሚያደርግ ሙሉ ሐኪም ነው። ብዙዎቹ በእጅ ስለማያክሙ፣ ቀጠሮ ስትይዝ ይህን አስቀድመህ ጠይቅ።

እኔን ያከመኝ ሰው እጁን ከማሳረፉ በፊት ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሥራዬና ሕመሙ ስለሚብስበት ሰዓት ረጋ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያም ጎንበስ ቀና አሰኘኝ፤ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ፤ የእግሬን አውራ ጣት በጣቱ ወደ ታች እየተጫነ «ወደ ላይ ግፋ» አለኝ፤ ከታችኛው ወገብ የሚወጣው ነርቭ መጎዳት አለመጎዳቱ ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነውና። በመጨረሻ በጎኔ አስተኝቶ፣ ትከሻዬን በአንድ እጁ ዳሌዬን በሌላው ይዞ ፈጠን ባለ እንቅስቃሴ ሲጠመዝዘኝ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አገር ቤት ወጌሻ ዘንድ ስንሄድ «የወለቀው አጥንት ገባ» እንደምንለው እንዳይመስልህ። ድምፁ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለ ጋዝ የሚመጣ ነው፤ ወደ ቦታው የተመለሰ አጥንትም የለም። የሚገኘው ጥቅም የሕመሙ ለጊዜው መቅለልና የጡንቻው መላላት ነው፤ ለእኔ ያ ፋታ ሳልፈራ መራመድ እንድጀምር ረዳኝ።

ከዚህ በላይ ተስፋ ልሰጥህ ግን አልፈልግም። በፈረንሳይ በ400 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2021 የታተመ ጥናት፣ እውነተኛውን የእጅ ሕክምና ለማስመሰል ብቻ ከሚደረግ ንክኪ ጋር አነጻጽሮ ያገኘው ልዩነት ትንሽ ነበር። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም የእጅ ሕክምናን የሚፈቅደው ከአካል እንቅስቃሴ ጋር ሲጣመር ብቻ ነው። እህትህ የወገብ ቀበቶ ልትገዛልህ እንዳሰበች ነግራኛለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ቀበቶን አይመክርም፤ ገንዘቧን ታስቀምጥ። ይልቅስ ሕመሙ በፈቀደልህ መጠን ተንቀሳቀስ፤ ወደ ሥራህ ስትመለስም መኪናውን በየጊዜው አቁመህ ውረድና ጥቂት ተራመድ።

ይህን ግን አደራ እልሃለሁ፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ በጭኖችህ መካከልና በመቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ሁለቱም እግሮችህ ከዛሉ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ፤ ነርቭን ለዘለቄታው የሚጎዳ መጨናነቅ ሊሆን ይችላልና። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለብህም ማንም ወገብህን ከመጠምዘዙ በፊት ሐኪምህ ይመርምርህ፤ የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም እንደሚይዝ ታውቃለህ፣ አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ደግሞ ቶሎ ላያስቡት ስለሚችሉ ከየት እንደመጣህ ራስህ ንገራቸው።

እህትህ እግርህን እንደሚደነዝዝህም ነግራኛለች። አንዱን ነው ሁለቱን? ከጉልበት በታች ይወርዳል ወይስ እዚያው ይቀራል? ይህን ለሐኪምህ ነግረህ ያለህን ለእኔም ሳትዘገይ ጻፍልኝ።

አክባሪ ወንድምህ