የወረታ–ወልዲያ መንገድ ታሪክ ይሰብሰብልን፦ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣

ይህ ደብዳቤ ስለ ጉድጓድ አይደለም። ስለ ጉድጓድ የሚጽፍላችሁ ሞልቷል፤ ይጻፍም። የኔ ጥያቄ አነስ ያለች ናት፤ ብዙ ገንዘብም አትፈልግም። ከወረታ ተነስቶ ወልዲያ የሚገባውን መንገድ እነማን ሠሩት? እንዴትስ ሠሩት? ይህ ነገር የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ተሰብስቦ ይጻፍ ነው የምለው።

እኔ የጋይንት ሰው ነኝ። ቻይናዎች ስለሠሩት እኛ ዘንድ መንገዱ «የቻይና መንገድ» ነው። ርዝመቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካርታ ላይ ስታዩት የአዲስ አበባ–ባሕር ዳር–ጎንደርን መስመር ከአዲስ አበባ–ደሴ–መቀሌ መስመር ጋር የሚያገናኝ አግዳሚ ነው። እሱ ባይኖር ከደብረ ታቦር ወልዲያ በመኪና ለመግባት የሚዞረውን ዙር አስቡት።

ከወረታ ሲነሳ የፎገራን የሩዝ ማሳ ትቶ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከዚያ የጉናን ግርጌ ይዞ በክምር ድንጋይ በኩል ነፋስ መውጫ ይገባል። ስሟን ያወጣላት ሰው አልዋሸም፤ ሐምሌ ላይ ወርዶ ማየት ነው። ቀጥሎ ጨጨሆ፣ ደብረ ዘቢጥ፣ ፍላቂት፣ ጋሸና። ከጋሸና ወደ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ይገነጠላል። ዋናው መንገድ ግን በድልብና በሳንቃ አድርጎ ቁልቁል ወልዲያ ይወርዳል።

ለናንተ መሐንዲሶች ነጋሪ አያሻችሁም፤ ለሌላው አንባቢ ግን አንድ ነገር ልበል። ከጋይንት እስከ መቄት መንገዱ የሚሄደው በውኃ መለያያው ጀርባ ላይ ነው። በስተሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ ይሄዳል። በስተደቡብ የወረደው በዥጣና በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ሁለቱ ተመልሰው የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ላይ ነው። ድልብን አልፋችሁ ስትወርዱ ደግሞ ውኃው ፊቱን ወደ አፋር ያዞራል። ጀርባውን ይዞ የሚሄድ መንገድ ትልልቅ ወንዝ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ዋልካው፣ ብርዱና ጫፍ ላይ ያሉት ገደሎች ናቸው። ጨጨሆ ላይ ጀርባው በጣም ስለሚጠብ፣ ድሮም ከበጌምድር ወደ ላስታና ዋድላ የሚሻገር ሰው በዚያ በር ማለፉ ግድ ነበር።

ይህን ጀርባ ለከባድ ዕቃ መንገድነት ቻይናዎቹ የመጀመሪያ ሆነው አልመረጡትም። ከነሱ በፊት አፄ ቴዎድሮስ መርጠውታል። በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ተነሱ። ጋፋት ላይ ያስሠሩት ትልቁ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ አብሯቸው ነበር። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። እንዲህ ያለ ብረት በእግር መንገድ አይሄድም። ስለዚህ መንገዱ እየተሠራ መድፉ ይጎተታል፣ መድፉ እየተጎተተ መንገዱ ይሠራል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ይሠሩ እንደነበር በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ አድርገው ቤተ ሖር ደረሱ። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጥፈው የዥጣን ገደል ወረዱ፣ ደላንታን አቋረጡ፣ በሽሎን ተሻገሩ። መቅደላ የገቡት መጋቢት ላይ ነው።

የሚገርመኝ የመጨረሻው ነው። ንጉሡን ሊወጋ ከሰሜን በላስታ በኩል የመጣው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ ይህንኑ መንገድ አገኘ። ዥጣን የወረደው ንጉሡ ባስጠረጉት መንገድ ነው። የእንግሊዝ ጸሐፊዎችም ሥራውን አድንቀው ጽፈዋል። ለራሱ መድፍ የጠረገው መንገድ ጠላቱን ይዞበት መጣ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው ቅጂው ነው። ለመድፉ አደባባይ ሠርተንለታል። መድፉን ላሳለፈው መንገድ ግን ባለፍኩበት ሁሉ አንዲት ሰሌዳ ዓይኔ አልገባችም።

ወደ ቻይናዎቹ ልምጣ። ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመሩት በ1963 ዓ.ም. ነው። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። ወለድ የሌለው ብድር ተፈቀደ፤ መንገዱም የተሠራው ከዚያ በመጣ ገንዘብ ነው። ንጉሡ ግን ሳያዩት ወረዱ። ደርግ መጣ፤ ደርግ ደግሞ ከሞስኮ ጋር ወዳጅ ሆነ። ያን ጊዜ ሞስኮና ቤይጂንግ ዓይንና ናጫ ናቸው። ሆኖም ቻይናዎቹ ጥለው አልሄዱም፤ መንገዱን ጨርሰው አስረከቡ። ያኔ ጠጠር ነበር። አስፋልት የለበሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይህ እንግዲህ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው ነው። የማይገኘው የሌላው ሰው ነገር ነው። ድንጋይ የፈለጠው፣ አስተርጓሚ የሆነው፣ ምግብ ያበሰለችው፣ ማሳው ለሁለት የተከፈለበት ገበሬ። በቀን ስንት ይከፈላቸው ነበር? ከቻይናዎቹ ጋር በምን ቋንቋ ይግባቡ ነበር? በ1968 ዓ.ም. 20 ዓመቱ የነበረ ወጣት ዛሬ 70 ዓመቱ ነው። ይህን ሥራ ለከርሞ የማይባል የሚያደርገው ይኸው ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ። በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጀምሮ የወረሳችሁት መዝገብ ቤት አለ። የዚህን መንገድ ንድፍ፣ ፎቶግራፍ፣ የክፍያ ዝርዝርና ደብዳቤ ለይታችሁ አውጡት፤ በስካነር አንሡት፣ ለተመራማሪም ክፈቱት። የአካባቢው ሰላም እንዴት እንዳለ አውቃለሁ። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫና ጋሸና ያዩትን ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ ወዲህም እፎይ አላለም። መዝገብ ለማገላበጥ ግን ጨጨሆ መውጣት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይሠራል።

ሁለተኛው ሰዎቹ ናቸው። ሰላም ባለበት ቦታና ጊዜ ሽማግሌዎቹን ቀርቦ ድምፃቸውን መቅዳት። ደብረ ታቦርም ወልዲያም ዩኒቨርሲቲ አለ። የታሪክ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተት ርዕሱ ደጁ ላይ ተዘርግቷል። ከናንተ የሚጠበቀው የትብብር ደብዳቤና መጠነኛ የጉዞ ወጪ ነው።

ሰሌዳው ይከተል። ጨጨሆ ላይ አንድ ብትጀምሩ ይበቃኛል። የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ወደፊት መንገዱን ለማስፋት ወይም መስመሩን ለማቃናት ስትነሱ፣ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ቅርስ የሚያውቅ ሰው ከጨጨሆ እስከ ቤተ ሖር ያለውን መሬት ይርገጠው። የቴዎድሮስ ቁፋሮ ቅሪት ካለ ይመዝግበው። ዶዘር አንዴ ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጥናት ለቅሶ ነው።

«ጉድጓዱ ሳይደፈን ሰሌዳ ያምረዋል እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ የአገሬም ሰው ሊለኝ ይችላል። ግን የድሮው ንድፍ ለጥገናም ይጠቅማል። የትኛው ቦታ ላይ መሬቱ እንደተንሸራተተባቸው፣ ቱቦ የቀበሩት የት የት እንደሆነ፣ ድልብ ላይ የድጋፍ ግንቡን ለምን እዚያ እንዳቆሙት ያ ወረቀት ይናገራል። ያን ሳያይ ቦይ የሚቆፍር መሐንዲስ ቻይናዎቹ አንዴ የከፈሉበትን ትምህርት እንደገና ይከፍልበታል፤ በእኛው ገንዘብ።

ሰዎቹን ማግኘት ከከበዳችሁ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት፣ በመቄትና በጉባላፍቶ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች በኩል ጀምሩ። የገበያ ቀን መንገድ ዳር ካለ ጠጅ ቤት ገብቶ «ከቻይና ጋር የሠራ ማን አለ?» ብሎ መጠየቅም ይሠራል፤ እኔ ልምከራችሁ ካላችሁ ይሄኛው ይፈጥናል።

ከአክብሮት ጋር
ከላይ ጋይንት የመጣ አንድ መንገደኛ