ሦስተኛ ወገን የተባልነውስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ መኪና ኢንሹራንስ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ በንዴት ያለፍኩት ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ተመለስኩበት። የለም። «ኢንሹራንስ የገባ አሽከርካሪ አደጋ ቢያደርስ ኃላፊነቱ ወደ መድን ድርጅቱ ይዞራል» ነው ያላችሁት።

አይዞርም። የሚዞረው ክፍያው ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ሙሉውን አይደለም።

በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ሙጭጭ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ የተገጨሁ ሰው ነኝ። ዜብራ ላይ ነው መኪና የጣለኝ። ጉልበቴን ይዤ አስፋልት ላይ ወድቄያለሁ። ሰውየው ወርዶ አየኝና «አይዞሽ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አለ። ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ የተሰበረውን የመኪናውን መብራት ፎቶ አነሳ። አምቡላንስ የጠራልኝ መንገደኛ ነው። ፖሊስ ሲደርስ ሰውየው የለም። ክፉ ሰው ነው አልልም። እናንተ የጻፋችሁትን ከልቡ ያምን ነበር፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

እስቲ በደንብ እንየው። የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ የደረሰን ጉዳት ይክሳል። ግን በብዙ አገር ጣሪያ አለው። ጉዳቱ ከጣሪያው ካለፈ ቀሪው አሽከርካሪውን ወይም ባለ መኪናውን ሊያስጠይቅ ይችላል። ጠጥቶ ወይም ያለ መንጃ ፈቃድ የነዳውን ሰው ደግሞ፣ መድን ድርጅቱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቤን መልስ ሊለው ይችላል። የወንጀል ክስ ከመጣስ? እስር ቤት የሚገባለት የኢንሹራንስ ሠራተኛ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት፣ አደጋ ያጋጠመው አሽከርካሪ እንዲቆም፣ ሰው ከተጎዳ ለፖሊስ እንዲያሳውቅና ፖሊስ እስኪመጣ እንዲጠብቅ ያዛል። ፖሊስ ካልፈቀደለት ወይም ቁስለኛ ለመርዳት ወይም ራሱ ለመታከም ካልሆነ በቀር ጥሎ አይሄድም። ኢንሹራንስ ያለው፣ የሌለው ብሎ አይለይም።

«ጥፋተኛ ነኝ አትበሉ» የሚለው ምክራችሁም አለ። ምክሩ ልክ ነው፤ ብዙ የመድን ውሎች ላይም ተጽፏል። ግን ጥፋትን አለማመን ሌላ፣ የወደቀን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ሌላ። «የት ላይ ነው ያመመሽ?» ማለት የትኛውን ውል ነው የሚያፈርሰው? ይህን አንድ መስመር መጨመር ምን ያህል ቦታ ይወስድባችሁ ነበር?

አንደኛው ወገን ውሉን የገባው ነው፤ ሁለተኛው መድን ሰጪው። ሁለቱንም አነጋግራችኋል። እኛ ውሉ ሲፈረም ያልነበርነው ሦስተኞቹ ነን፤ ከእኛ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቃችሁም። ሰውየው ስለሄደ የፖሊስ ሪፖርቴ ዘገየ። ሪፖርቱ ስለዘገየ ካሳው ዘገየ። ከወራት በኋላ ለካሳው ጉዳይ ስንገናኝ መኪናው አዲስ መብራት ተገጥሞለት ደጅ ቆሟል። እኔ ገና በክራንች ነበርኩ።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ ሰው በሚያየው መጠን ይሁን። ያቺን ዓረፍተ ነገርም ከነስህተቷ ጥቀሷት፤ አንብቧት ያመነ አሽከርካሪ ዛሬም መሪ ይዟል።

ከተገጪዎች አንዷ