ለሰው ሀብት ኃላፊያችን፦ «ታይቶ አይታወቅም» ያሉኝን በወረቀት ይስጡኝ

ክቡር ኃላፊ፣

ማመልከቻ አስገብቼ፣ ቢሮዎ ተመላልሼ «ነገ ነይ» ስባል ስለከረምኩ ነው ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ የምጽፍልዎ። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተወዳድሬ አልፌያለሁ። የትምህርት ፈቃድ መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሴት አትላክ የሚል አንቀጽ የለበትም። እርስዎ ግን ምን አሉኝ? «ከእኛ ቢሮ ሴት ለኬሚስትሪ ተልካ አታውቅም፣ ደግሞ የምታጠቢው ልጅ አለሽ፣ ነገሩ ይጠና።» በውጤት የምበልጠው ባልደረባዬ ሳይጠና ሄደ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፣ በእሱ ቅር አልልም።

ይሄ የእርስዎ ንግግር አዲስ እንዳይመስልዎ። በፈረንጆች 1913 ቺካ ኩሮዳ የምትባል ጃፓናዊት መምህርት ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ቶሆኩ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል የትምህርት ሚኒስቴሩ ደነገጠ። ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው፣ ጉዳዩ እጅግ ከባድ ነው፣ ብዙ መጠናት አለበት ብሎ ለዩኒቨርሲቲው ጻፈ። ዩኒቨርሲቲው ሦስቱንም ተቀበላቸው። ያ ሚኒስቴር ቢያንስ በወረቀት ጽፏል፤ እርስዎ እኮ እሷንም አላደረጓትም!

ኩሮዳ በ1916 ተመረቀች። ከአንድ ተክል ሥር የሚገኘውን ሺኮኒን የተባለ ሐምራዊ ቀለም ይዛ ተቀመጠች፣ የሞለኪውሉንም አወቃቀር አወጣች። ከዚያ በ1921 ኦክስፎርድ ሄደች። ማን ላካት? ያው የደነገጠው ሚኒስቴር። ስትመለስ በሱፍ ላይ ሠራች፤ አዎ፣ በጾም የምንፈተፍተው የሐበሻ ሱፍ፣ የፈረንጁ አይደለም። የአበባውን ቀይ ቀለም፣ ካርታሚንን፣ ስትመረምር ቆይታ በ1929 የሳይንስ ዶክትሬቷን ያዘች። 45 ዓመቷ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ባደረገችው ምርምር የደም ግፊት መድኃኒት ተሠራ። እኛ ቆሻሻ ውስጥ የምንጥለው ልጣጭ ማለት ነው።

እኔም ላጠና ያሰብኩት የአገራችንን የማቅለሚያ ዕፅዋት ነው። ልጄን እናቴ ትይዛለች፣ ለዚያ እርስዎ አይጨነቁ።

ምዝገባው ሊዘጋ ነው። ከፈቀዱ ደብዳቤዬን ያውጡልኝ። ካልፈቀዱም «ሴት ስለሆነችና ስለምታጠባ ከልክያለሁ» ብለው ይጻፉና ፈርመው ማኅተም ይምቱበት። ቅሬታ ሰሚው በቃል የተነገረ ነገር አልቀበልም ብሎኛል።